የሰሊጥ አበባዋ ጠጠር

እሑድ፣ ታኅሣሥ 7፣ መተማ ዮሐንስ

ለፖከር የካርታ ጨዋታችን በማስያዣነት ያዘዝኳቸው የእንጨት ጠጠሮች ዛሬ ደረሱ። ሥዕሉን የሣልኩት እኔው ነኝ፤ ግመል፣ ትራክተርና የሰሊጥ አበባ። አናጢው አሳምሮ ቀርጾልኛል።

እስካሁን የምናስይዘው የሽምብራ ቆሎ ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ሙላት ግን ያሸነፉትን እየቆረጠሙ ጨዋታው ሳያልቅ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ዛሬ ከሁላችንም በላይ ብዙ ጠጠር ፊታቸው ከመሩ። ደስ ብሏቸው፣ ዓይናቸው ካርታው ላይ እንዳለ፣ አንዷን ጠጠር አንስተው ወደ አፋቸው ላኳት። ቋ አለች።

"ምነው ልጄ፣ የዛሬው ቆሎ አልበሰለም?" አሉኝ።

በሳቅ ፈረስን። የሰሊጥ አበባዋ ላይ ጥርሳቸው ታትሞ ቀረ። ባለቤቴ "ለአናጢው መልሰህ ምልክቱ እስኪጠፋ አስልጋት" አለችኝ። እንዴት ተደርጎ! የጋሽ ሙላትን ጥርስ እንዲህ አድርጎ የሚቀርጽ አናጢ ከየት ይገኛል?