ለኮምቦልቻ የተከፈተው በር

ሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 2004
ብርዱ ጀምሯል። ዶክተር ሸዋዓለም ጠዋት ቢሯቸው ጠሩኝ። የክሊኒኩ ባለቤትም ዋና ሐኪምም እሳቸው ናቸው፤ ነገር አያንዛዙም። ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ከከፈትን ሁለት ወር ሆነን። ደም እዚያ ይቀዳል፣ እዚህ ደሴ ይመረመራል። የኮምቦልቻዋ እንግዳ ተቀባይ አቢጌል ግን የበሽተኛ ቀጠሮ ለማወቅ ቀኑን ሙሉ ስትደውል ትውላለች። እዚያው ሆና የእኛን ዳታቤዝ፣ የበሽተኞቹን መዝገብ፣ ታንብብ አሉኝ። የክሊኒኩን ኮምፒውተሮች የምይዝ እኔ ነኝ፤ ቀላል ነው አልኳቸው። ቀላል ነው እንዴ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5
መዝገቡ ያለበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ እስከ ዛሬ ከራሱ በቀር ማንንም አይሰማም ነበር። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ የሚያዳምጥበትን አድራሻ ቀየርኩ። አጥፍቼ አስነሳሁት። ከውጭ የሚመጣውን የሚያግደው ፋየርዎል ላይ መግቢያውን፣ ፖርቱን፣ ከፈትኩ። ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ሞከርኩት… ገባልኝ። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ባለቤቱ ዞሮ አየኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6
ኮምቦልቻ ወረድኩ። ጃኬቴን ገና ሚኒባስ ውስጥ እያለሁ አወለቅሁ።
የአቢጌል ኮምፒውተር እምቢ አለ። እዚያ ያለው መስመር በተቋረጠ ቁጥር አድራሻው ይቀየራል። ከየትኛውም አድራሻ ይግባ ብዬ ፈቀድኩ። ገባ፤ ግን ማንበብ ከለከለ። እሷ ማየት ያለባት ስምና ቀጠሮ ብቻ ነው። ውጤት ሌላ ቦታ ነው የተቀመጠው፣ ከስም ጋር የሚያገናኘው የካርድ ቁጥር ብቻ ነው። ያን ብቻ ለመፍቀድ ሦስቴ ሞከርኩ። ሰው ተሰልፏል፣ አቢጌል ታየኛለች… ሁሉንም ፈቀድኩላት። ወዲያው ተከፈተ።
ለጊዜው ነው። ነገ ደሴ ሆኜ አጠብበዋለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 8
ፕሪንተር ሲያስቸግረኝ ዋለ። የአቢጌል ፈቃድ… ሰኞ።

ዓርብ፣ ኅዳር 15
ጠዋት አንዲት ልጅ ከኮምቦልቻ መጣች። ነፃነት ትባላለች። ጥር ላይ ልትጋባ ነው፤ እጮኛዋ ምንይሉ ይባላል። ቤተ ክርስቲያናቸው ከጋብቻ በፊት የሁለቱንም የኤች አይ ቪ ምርመራ ወረቀት ይጠይቃል። የእሷ የመጀመሪያው ምርመራ አልለይ ብሎ እንደገና እዚህ ተሠራ። ውጤቷን የምትሰማበት ቀጠሮ ዛሬ ነበር፣ ከሲስተር ሰዒዳ ጋር። ውጤት ነግራ፣ አጽናንታ የምትልክ እሷ ናት።
ልጅቷ ሳትቀመጥ፣ እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት አሉ። ትናንት ገበያ ላይ በደንብ የማታውቃት ሴት አቅፋት፣ “አይዞሽ እህቴ፣ እየጸለይንልሽ ነው” ብላታለች።
እውነት ነው። ቫይረሱ በደሟ ውስጥ አለ። ግን ከሲስተር ሰዒዳና ከላብራቶሪው በቀር ማን ያውቃል?
ሲስተር መጥታ የክፍሌ በር ላይ ቆመች። “ወላሂ ሉቃስ፣ ወረቀቷ እንደታሸገ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ከየት ወጣ?”
እንደወጣች ሮጬ የኮምቦልቻውን መስመር ዘጋሁት። ለምን ሮጥኩ? አውቄ ነበር ማለት ነው?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 16
ሰርቨሩ የገባውንና የወጣውን ይመዘግባል። አነበብኩት። ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት ከሩብ፣ በአቢጌል ስም። መጀመሪያ በሳምንቱ ቀጠሮ ያላቸውን ሰዎች ስም አይታለች። ቀጥላ የአንዲቱን ካርድ ቁጥር ይዛ ውጤት ውስጥ ገብታለች።
ማንም ሰብሮ አልገባም። ቁልፉን የሰጠሁ እኔ ነኝ። እኔ! ሦስቴ አነበብኩት፣ ሦስቴም እኔው ነኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 18
ኮምቦልቻ ሄጄ አቢጌልን ጠየቅኳት። አልካደችም። የነፃነትን ስም ስታይ ከጸሎት ቡድኗ አባላት ከአንዷ ጋር የምትዘምር ልጅ መሆኗን አውቃ፣ ለሰርጓ ደስ ብሏት ነው ውጤቷን የከፈተችው። ያልጠበቀችውን አየች። ለሦስት እህቶች ብቻ ነገረች። “ለጸሎት ርዕስ ነው የነገርኳቸው፣ ለሐሜት አይደለም” አለችኝ። እያለቀሰች። ከዚያ የተናገረችው አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው፦ “ካልተፈቀደልኝ ኮምፒውተሩ ለምን አሳየኝ?”
ምንይሉም ከእነዚያው እህቶች ሰምቷል። ስልኩን አጥፍቷል።
ተመልሼ ለዶክተር ሁሉንም ነገርኳቸው። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮሁም። አሁንም ክፍት ነው ወይ ብለው ብቻ ጠየቁ። ዘግቻለሁ አልኩ። “ለልጅቷ ማን ይነግራታል?” አሉ።
እኔ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 19
ነፃነትን ሲስተር ሰዒዳ ክፍል አግኝቼ ነገርኳት። ፈቃዱን የሰጠሁት እኔ መሆኔን፣ ነገ ብዬ መተዌን፣ ዘጠኝ ቀን ክፍት መቆየቱን። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።
“ከሲስተር አፍ ብሰማው እዚሁ አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ እወጣ ነበር” አለች። “እኔ የሰማሁት ሽንኩርት እያስመዘንኩ ነው።”
ይቅርታ አልኳት። ተነስታ ወጣች። ለምን ትመልስልኝ?

ሰኞ፣ ኅዳር 25
አቢጌል በፈቃዷ ሥራ ለቀቀች። እኔን ዶክተር አስጠንቅቀው አቆዩኝ። ለምን እሷ ሄዳ እኔ ቀረሁ? ሰርጉ ቀርቷል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 6
ሁሉንም አፍርሼ እንደገና ሠራሁት። ኮምቦልቻ የሚገባው በራሱ ዝግ መስመር ብቻ ነው፣ የሚያየውም ስምና ቀጠሮ። ከውጭ የመጣ ሌላ ሁሉ ይመለሳል። ራሴ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ለመግባት ሞከርኩ፤ ከለከለኝ። ዶክተር ደግሞ አዲስ ቅጽ አሠርተዋል፦ ደም የሚሰጥ ሰው ሁሉ ውጤቱን እነማን እንደሚያዩ አንብቦ ይፈርማል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 10
ነፃነት መጣች። ብቻዋን። መድኃኒት ልትጀምር ነው፣ ከኮምቦልቻ ይልቅ እዚህ መርጣ። ሲስተር ሰዒዳ ጋ ቆይታ እኔ ክፍል ገባች። አልጠበቅኳትም፤ ወንበር መስጠትም ረሳሁ።
ፋይሌን ማን እንደሚያይ አሳየኝ አለች። ስክሪኑን ወደ እሷ አዞርኩላት። ሲስተር ሰዒዳ፣ የላብራቶሪው ባለሙያ። ሁለት ሰው አልኳት። ቅጹ ላይም ሁለት ብዬ ነው የጻፍኩት።
ስክሪኑን አየች። እኔን አየች።
“አንተስ?”
ደነገጥኩ። አራት ዓመት እዚህ ስሠራ ራሴን ቆጥሬ አላውቅም። ሰርቨሩ በእጄ ነው፤ የሁሉንም ማየት እችላለሁ። አልዋሸኋትም። እኔም አያለሁ አልኳት።
እስክሪብቶውን አንስታ ሰጠችኝ።
“እንግዲያው ሦስት ብለህ ጻፈው።”
ጻፍኩት። አነበበችው፣ ፈረመችበት።