ተሳታፊ ቁጥር አሥራ አራት

ማክሰኞ፣ ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን

ለወንድሜ፣ ለሆዴ፣

ጤናህን መጠየቅ እንደሚቀድም አውቃለሁ። ግን ደስታዬ አላስቀምጥ ስላለኝ መጀመሪያ እሱን ልንገርህ። ፖስታህ ደረሰኝ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳትጽፍልኝ ኖረህ፣ ትናንት ፖስተኛው ሲያንኳኳ የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ መስሎኝ "ቆጣሪው በጓሮ በኩል ነው!" ብዬ ጮህኩበት። "ኧረ እመቤት፣ ደብዳቤ ነው፤ ፈርሚና ተቀበይ" አለኝ። የእጅ ጽሑፍህን ሳይ እስክሪብቶውን እንደያዝኩ በሩን ዘጋሁበት። ምስኪን፣ ሁለተኛ አንኳኩቶ ነው የወሰደው።

እንግዲህ ደህና ነህ? ጨጓራህስ? አሁንም ሳትበላ እያነበብክ ትውላለህ? እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቋቋል እንጂ ሌላው አካሌ አልከዳኝም።

ከስምምነት ቅጹ ጋር አያይዘህ የላክሃትን ብጣሽ ወረቀት አሥር ጊዜ ሳላነባት አልቀረሁም። "እታለም፣ መጽሐፌ እንደገና ሊታተም ነው። አሳታሚው በጥናቱ የተሳተፉትን ሰዎች ፊርማ ይፈልጋል፤ ያለ እሱ አያትምም። ዝም ብለሽ መጨረሻው ላይ ፈርመሽ በቶሎ ላኪልኝ።" ያቺ "ዝም ብለሽ" አሳቀችኝ። እኔ መቼ ነው ዝም ብዬ የማውቀው?

አሁን የምነግርህ ነገር ሳያስደነግጥህ አይቀርም። መጽሐፍህን አንብቤዋለሁ። ከዳር እስከ ዳር፣ ከነግርጌ ማስታወሻው!

እዚህ ከተማችን ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ከተቀጠርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የምሠራው ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ ከመንገዱ እኩል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የሰው ቁርጭምጭሚት ሲያልፍ አያለሁ። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ ማኅተም አሳርፍበታለሁ፣ ለውሰት ካርዱ ኪስ እለጥፍለታለሁ፣ ጀርባው ላይ ቁጥሩን እለጥፋለሁ። ፍልስፍና መቶ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ ሦስት መቶ፣ ሳይንስ አምስት መቶ። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቴ ከዚህ ሁሉ ምሁር ጋር ነው የምውለው፤ ምን ጎደለኝ?

አብረውኝ የሚሠሩት ጠራዡ ጋሼ ናቸው፤ የተገነጠለ መጽሐፍ የሚሰፉ ሽማግሌ። አፋቸው ከመርፌያቸው ይብሳል። "መጽሐፍ መነበቡ በምን እንደሚታወቅ ልንገርሽ? በእድፉ!" ይሉኛል። "ፊዚክሱ እስከ ገጽ ሠላሳ ጥቁር ነው፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ወተት ነጭ። ፍልስፍናው ደግሞ የሚያድፈው መጨረሻው ብቻ ነው፤ ሁሉም መልሱን ፍለጋ ይሮጣል።"

"የሦስት መቶዎቹስ፣ ጋሼ?"

"እነሱማ ስለ ድሃ ነው የሚያወሩት። ድሃ ደግሞ እዚህ መጥቶ አይዋስም። ንጹሕ ናቸው።"

ካቻምና በእርዳታ ከመጣ ካርቶን ውስጥ መጽሐፎቹን እያወጣሁ ስደረድር ሽፋኑ ላይ ስምህን አየሁ። ስምህን! ምን እንዳደረግሁ ሳላውቅ አንስቼ ሳምኩት።

"ምነው፣ የጸሎት መጽሐፍ መሰለሽ እንዴ?" አሉኝ ጋሼ። "ሦስት መቶ እኮ ነው!"

"የወንድሜ ነው!"

"ታዲያ ወንድምሽ ቅዱስ ነው?"

ለማንበብ አራት ወር ፈጀብኝ። በምሳ ሰዓት ብቻ፣ መዝገበ ቃላት ከጎኔ አድርጌ። "ተለዋዋጭ" የሚለው ቃል ሦስት ቀን አስጨነቀኝ። ሲገባኝ ግን ለጋሼ ሮጬ አስረዳኋቸው፤ አንዱ ነገር ሲለወጥ ሌላውም አብሮት የሚለወጥ ነገር ነው አልኳቸው። "እንግዲያው ደመወዛችን እሱ ውስጥ የለበትም" አሉኝ። ሳቅኩ፣ ግን ገብቷቸዋል። ሲገባህ ደስ ይላል፤ ለካ ያን ሁሉ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አቀርቅረህ ትውል የነበረው ለዚህ ነው አልኩ።

ከዚያ ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ደረስኩ።

"ተሳታፊ ቁጥር 14፣ ማንበብና መጻፍ የማትችል የቤት እመቤት፣ የአራት ዓመት ወንድ ልጇን በትኩሳት አጥታለች።" ከንፈሬን መጠጥኩ። እኔን፣ አልኩ፤ የማላውቃት ሴት አሳዘነችኝ። ቀጠልኩ። "ሕፃኑ ሕይወቱ እስኪያልፍ ድረስ ጫማውን እንዳደረገ አልጋ ላይ ተኝቷል። ይህም ሟች ረጅም ጉዞ ይሄዳል ከሚል እምነት የመነጨ ሊሆን ይችላል።"

ቁጥር አሥራ አራት እኔ ነበርኩ። ሕፃኑ ደግሞ ፍንጭቴ ናት፣ የእህትህ ልጅ፣ ስድስት ዓመቷን በደፈነች በወሩ የሞተችው።

ነገሩ በእኔ ላይ እንደደረሰ ሳልነግራት፣ ለምን እንዲህ ተቀይሮ እንደሚጻፍ አለቃዬን ጠየቅኋት። "ሰውየው እንዳይታወቅ ጾታው፣ ዕድሜው፣ ትምህርቱ ይቀየራል፤ ደንብ ነው" አለችኝ። ደንብ ከሆነ ምን ይደረጋል። እንኳን ሌላ ሰው፣ እኔም ራሴን ለማግኘት ሁለት አንቀጽ ፈጅቶብኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍሌን በአንድ መስመር መንጠቅህ ትንሽ ቆጭቶኛል፤ እሱም ይሁን።

የጫማው ነገር ግን ይሁን አይባልም።

እኩለ ቀን ነበር፣ ታስታውሳለህ። ትኩሳቷ ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። ዘለበቷ የተበጠሰችውን ጫማዋን በገመድ አስሬላት፣ "ክሊኒክ እንሄዳለን" ብያት፣ አዝያት በሩ ላይ ደርሻለሁ። አንተ ለጥናትህ መጥተህ እኔ ዘንድ ካረፍክ ሦስተኛ ሳምንትህ ነው፤ ወረቀትህን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተሃል። "እታለም፣ በዚህ ፀሐይ የት ነው?" አልከኝ። ነገርኩህ። አንድ ወፍራም መጽሐፍ ገልጠህ አነበብክልኝ፤ እንዲህ ያለው ትኩሳት ከመቶ ሕፃናት በዘጠና አምስቱ ላይ በራሱ ይበርዳል ይላል። "ወረፋው ላይ ሌላ በሽታ ትሸምታለች። ይደርና ነገ እናያለን" አልክ። ከጀርባዬ አወረድኳት። ጫማዋን ላወልቅ ስል እግሯን ሰበሰበች።

"ልንሄድ አይደል?"

"ነገ ነው የምንሄደው።"

"እንግዲያው ይቆይ። ነገ ገመዱን ማሰር እንዳያስቸግርሽ።"

በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፈች።

የምን እምነት፣ የምን የሞት ጉዞ ነው፣ ወንድሜ? ልጅቷ ክሊኒክ የምትሄድበትን ሰዓት እየጠበቀች ነበር። አንተም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበርክ።

ገደልካት አላልኩም፤ አፌን ይያዘኝ። ብንሄድስ ትድን ነበር ወይ? ማን ያውቃል። ዘጠና አምስት ብዙ ነው፤ አምስቱም ግን እናት አላቸው። ደግሞ እግሩ የእኔ ነበር፣ በሩም ክፍት ነበር። የተማርከው አንተ ነህ ብዬ የተመለስኩት እኔ ነኝ።

በለቅሶው ሳምንት አባቷ "ማነው ይደር ያለው?" ብሎ ሲጮህ ፊትህን አየሁት። አመድ መስለህ ነበር። እጁ አንተ ላይ ሳያርፍ "እኔ ነኝ" አልኩ። የድምፅ መቅጃህ ጠረጴዛው ላይ እየዞረ ነበር፤ ለካ አላጠፋኸውም። ቃሌ ሠንጠረዥ ሰባት ላይ ወጥቷል፤ "ሕክምናን ለማዘግየት የወሰነ፦ እናት።" ያን ቃል አንድ ቀን እንኳ አጥፌው አላውቅም። አባቷ በሦስተኛው ወር ጥሎኝ ሄደ። አንተ ከእሱም ቀድመህ ሄደህ ነበር።

ታዲያ ምኑ ነው ያስደሰተሽ ትለኛለህ። ፍንጭቴ አንድ ፎቶ እንኳ የላትም። ሳቋ ከዓይኔ እየሸሸ ነው፤ ጥርሷ መሃል የነበረውን ክፍተት ስፋቱን አንዳንድ ቀን ለማስታወስ እቸገራለሁ። መጽሐፍህ ውስጥ ግን ስሟ ባይኖርም፣ ወንድ ብትሆንም፣ እግሯ አለ። የመጽሐፉን ቁጥር የለጠፍኩት አንብቤ በጨረስኩ ቀን ነው፤ እንደዚያ ቀን ቀጥ አድርጌ ለጥፌ አላውቅም። ጋሼ እንኳ "ዛሬ በማስመሪያ ነው እንዴ?" አሉኝ።

ባለፈው ወር አንዲት የነርስ ተማሪ ተዋሰችው። ከእኔ ሌላ የመጀመሪያዋ አንባቢህ ናት፤ ደስ ይበልህ! ስትመልሰው ግን እኔን ስታገኝ ቆም ብላ፣ "እትዬ፣ ይቺ የጫማ እምነት አሁንም አለች? ስንመረቅ እንዲህ ያሉ እናቶች ሳያጋጥሙን አይቀርም" አለችኝ። "እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ" አልኳት። ደረጃውን ወጥታ ከሄደች በኋላ ማኅተሙን እንደጨበጥኩ ቀረሁ። ነገ አንዲት እናት ልጇን ጫማ አድርጋላት ወደዚች ልጅ እየሮጠች ብትመጣ፣ እምነት ነው ብላ በማስታወሻዋ ልትጽፍ ነው?

ስለዚህ ነው ፖስታህን ሳይ የፈነደቅሁት። ብጽፍልህ አድራሻህን አላውቅም ነበር፤ አሁን ይኸው። ደግሞ እንደገና ሊታተም ከሆነ ይስተካከላላ! የታተመ ነገር የሚታረምበት ዕድል ስንት ጊዜ ይገኛል?

ቅጹን በደንብ አነበብኩት። አንድ፣ "በፈቃዴ ተሳትፌያለሁ" ይላል። ቤቴ ነበርክ፣ አውርተናል፤ እሺ። ሁለት፣ "ማንነቴ ተሰውሯል።" እንዴት አድርጎ! ሦስት፣ "የተናገርኩት ሳይለወጥ ቀርቧል።" እውነት ነው፣ ቃል በቃል ጽፈኸዋል። የተናገርኩት ግን ውሸት ነበር፤ ውሸት መሆኑን ከእኔ ሌላ የሚያውቀው አንተ ብቻ ነህ። እስክሪብቶዬ እዚያ ላይ ቆሞ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ሠራ እንጂ አልሄደልኝም።

ከፊርማው ሥር ደግሞ "ቃሉ ሲሰጥ በቦታው የነበረ ምስክር" የሚል ባዶ መስመር አለ። ዛሬ ወደ ሥራ ይዤው ሄድኩ። ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩትና "ለወንድምሽ ሥራ አይደል? እኔ ልፈርምልሽ" አሉ።

"እርስዎ አልነበሩም፣ ጋሼ።"

"ማን ነበር ታዲያ?"

"እሱ ራሱ።"

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። ለወትሮው አንድ ተረብ አያጡም ነበር። "እንግዲያው ይምጣና ይፈርም" ብለው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

እናም ቅጹን አልላክሁልህም። የላክሁልህ ይህን ደብዳቤ ብቻ ነው። አትቆጣኝ፣ አሳታሚው ትንሽ ይጠብቅ። ስትመጣ ያቺን ገጽ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንጽፋታለን፤ እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ታሳምራለህ። ሠንጠረዡ ላይ "እናት" የሚለውን ልትተወው ከፈለግህ ተወው፤ እሱን ለምጄዋለሁ። ልጅቷ ጫማዋን ያላወለቀችው ለምን እንደሆነ ግን ጻፍላት። ከዚያ እኔ ላይኛው መስመር ላይ እፈርማለሁ፣ አንተ ታችኛው ላይ። ካልመጣህ ሁለቱም ባዶ ይቀራሉ።

አምላክ ዕድሜህን ያርዝምልኝ፤ የምታነበው ይግባህ፣ የምትጽፈው ይቅናህ፣ መንገዱም እስከ ደጄ ድረስ ይቃናልህ።

የምትወድህ፣ የምትጠብቅህ
ታላቅ እህትህ