የእሜቴ ስቲና መጋረጃ

ሰኔ 10 ቀን 1958፣ ዓርብ

የሩዙ ገንፎ ዛሬም ከሥሩ ያዘብኝ። ድስቱን እየፈገፈግኩ ሳለ ሄር ሉንድ በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ ብለው ሰዓታቸውን አሳዩኝ። ቁጣ አይደለም። እሜቴ ቁርስ እየጠበቁ ነው ማለታቸው ነው።

ደብተሬ፣ አንተ አዲስ ነህ። ያለፈው ደብተር ትናንት አለቀ። ስለዚህ እሜቴን ላስተዋውቅህ። ከቻይና የመጡ ፓንዳ ናቸው፤ ጥቁርና ነጭ ድብ። የሚኖሩት በምሠራበት የአራዊት ግቢ ነው፤ በመላው ስዊድን እሳቸው ብቻ። ስማቸው ስቲና። ጋዜጦቹ ፍሮከን ስቲና ይሏቸዋል፣ ወይዘሪት ለማለት። እኔ ግን እሜቴ ነው የምላቸው፣ በአንቱታ። ኩራታቸውን ብታይ አንተም ትላቸው ነበር። ክብደታቸው በየሳምንቱ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። የንጉሡን እንኳ የሚያወጣ የለም።

ጠባያቸው፦ ጠዋት ሰው አይወዱም። ቆርቆሮ ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፈው አንድ እግራቸውን ጠርዙ ላይ ይሰቅላሉ። ፎቶ አንሺ ሲመጣ ጀርባ ይሰጣሉ። ካሮት ሲሰጧቸው አሽትተው እንደ ተራ ነገር ያስቀምጡታል። ሰው ዞር ሲል ግን ካሮቱ የለም። ቀርከሃቸው ከደቡብ ፈረንሳይ በባቡር ነው የሚመጣው። እኔ ከአዲስ አበባ ስመጣ እንኳ እንዲህ አልተንከባከቡኝም።

ሄር ሉ. (ሄር እዚህ እንደ አቶ ነው) ጠባቂያቸው ናቸው። ሽበታም፣ ዝምተኛ፣ ጀርባቸው በር የሚያህል። አምና የነርስ ት/ቤት ሲዘጋ የክረምት ሥራ ፍለጋ ያላንኳኳሁት በር አልነበረም። ሁሉም ስልክ እንደውላለን አሉ። ማንም አልደወለም። እኚህ ሰውዬ ግን አንድ ጆንያ ካሮትና ቢላዋ አሳይተው መላጥ ትችያለሽ ወይ አሉኝ። ይኸው ሁለተኛ ዓመቴ። እግዜር ይስጣቸው። ይህን ሳልጽፍ የምዘጋው ደብተር የለም።

ሰኔ 13፣ ሰኞ

ሄር ሉ. ወደቁ። ቀርከሃ ተሸክመው በእሜቴ በር ላይ ወደቁ። ልብ ነው አሉ። አምቡላንስ ወሰዳቸው። ባርኔጣቸው መሬት ቀረ፤ አንስቼ ወጥ ቤት ሰቀልኩት።

እሜቴ ከገንዳቸው ወጥተው በሩን ሲያዩ ዋሉ። ምሳ አልበሉም። ይሁን፣ ደንግጠው ነው አልኩ። እራትም አልበሉም።

ሰኔ 15፣ ረቡዕ

አልበላችም። ዛሬ አንቱታው አልመጣልኝም። የታመመ ልጅ ነው የምትመስለው፣ እንዴት ብዬ እቀልዳለሁ።

የእንስሳት ሐኪሙ ጥርሷን አየ፣ ሆዷን ዳበሰ። ምንም አላገኘም። ጥሩ ሰው ነው፤ ፊቱ ግን ጠቁሯል። እንዲህ ከቀጠለች ብዙ አትቆይም አለ። የሐዋርያት ጾም የገባባት ይመስል! ገንፎውን በማር አደረግኩላት፣ በእንቁላል አደረግኩላት። ታሸታለች፣ ቀና ብላ አጥሩን ታያለች፣ ትተዋለች።

ጋዜጣው ስቲና አዝናለች ብሎ ስለጻፈ ሕዝቡ እጥፍ ሆኗል። አጥሩ ላይ ተደርድሮ አንገቱን ያሰግጋል። ማዘናቸው እውነት ነው። ግን ሂዱልኝ ብዬ ብጮህ ደስ ባለኝ።

ከሰዓት ሆስፒታል ሄድኩ። የሄር ሉ. መልክ ከአንሶላው አይለይም። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው፦ በላች ወይ? በላች አልኩ። ዋሸሁ። በዚህ አገር ሐኪሙ ራሱ ሞትህን ፊት ለፊት ይነግርሃል፤ እኔ ግን ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ መንገር አልለመድኩም። እሷ ከሞተች እሳቸውም ይከተሏታል፤ ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ሲያበሏት ምን ያደርጉ እንደነበር ጠየቅኳቸው። ምንም፣ በርጩማዬ ላይ ቁጭ እላለሁ፣ ሌላ ምንም አሉኝ። ይህ ምን ይረዳኛል? የእሳቸውም ምሳ እንዳለ ነው። ድንቹ ቀዝቅዞ ደርቋል። አልራበኝም አሉ።

ሰኔ 16፣ ሐሙስ

የግቢው ዳይሬክተር ጽ/ቤት አስጠራኝ። ነገ የሚድሶመር በዓል ነው፤ አገሩ በሙሉ ወጥቶ የሚጨፍርበት። ቴሌቪዥን ይመጣል። ስቲናን በሕዝብ ፊት የማበላት እኔ ነኝ፤ ሽታዬን ስለምታውቅ። የአገርሽን ልብስ ልበሺ፣ ለፎቶ ያምራል አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ግቢውን የያዘችለት እሷ ናት፣ ፈርቷል። ብትበላ አገሩ ያያል፣ ባትበላም ያያል። እኔንም ያያል። እግዚኦ።

ወደ ሰፈሬ ፋርስታ ስመለስ ቱነልባናው (የምድር ውስጥ ባቡሩ) ውስጥ አንዲት አሮጊት ከቦርሳዋ ዳቦ አወጣች። ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞራ፣ ፊቷን በእጇ ከልላ ቆረሰች። አባቴ ትዝ አሉኝ። እንግዳ በበዛበት ቀን ሲጎርሱ እማዬ ነጠላዋን ዘርግታ ትጋርዳቸው ነበር፣ ዓይን እንዳያገኛቸው። እኛ ልጆቹ እንስቅ ነበር።

ይህን እያሰብኩ ነው የሄር ሉ. ጀርባ የመጣብኝ። በርጩማቸውን የሚያስቀምጡት ሁልጊዜ በእሷና በአጥሩ መሀል ነው! ጀርባቸው ለሕዝቡ፣ ፊታቸው ለእሷ። ከአምና ክረምት ጀምሮ ያን ጀርባ እያየሁ ሰውዬው ሕዝብ አይወዱም ስል ነበር። ለካ መጋረጃዋ ነበሩ። እሳቸውም አያውቁትም። ምንም አላደርግም አሉኝ እኮ።

የምወርድበትን ጣቢያ አለፍኩት።

ሰኔ 17፣ ዓርብ፣ ከበዓሉ በኋላ

በላች።

ቆይ በሥርዓቱ ልጻፍ። ቀሚሴን ለበስኩ፣ የእማዬን ነጠላ ደረብኩ። እማዬ ራሷ የፈተለችው፣ አውሮፕላን ጣቢያ ከትከሻዋ አውርዳ ያለበሰችኝ። ሕዝቡ አበባ በራሱ ላይ አስሯል። ካሜራ ተተክሏል። ዳይሬክተሩ ወደ ጎን ቁሚ፣ ፈገግ በይ አለኝ። የሄር ሉ.ን በርጩማ ይዤ ልቀመጥ ብል ካሜራውን ትጋርጃለሽ ብሎ አስወሰደብኝ። ገንፎውን አስቀመጥኩ። መጣች። አሸተተች። ቀና ብላ ያን ሁሉ ዓይን አየች። አፏ ተዘጋ።

እንግዲህ የመጣው ይምጣ አልኩ። ነጠላውን ከትከሻዬ ሳብኩና በሁለት እጄ ዘርግቼ ጀርባዬን ለስዊድን ሰጠሁ።

ከኋላዬ ጉምጉምታ። ካሜራ ያዡ ጮኸ። ዳይሬክተሩ በስሜ ጠራኝ፤ አልሰማሁም። ክንዴ ዝሎ ሊበጠስ ደረሰ። እኔም ፊቴን አዞርኩላት፤ የኔም ዓይን ዓይን ነው። ከዚያ ላስ ላስ የሚል ድምፅ። ከዚያ ካሮት። ከዚያ ቀርከሃው ቀው! ሲል እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አንድ ልጅ ምን እያደረገች ነው ብሎ ጠየቀ። እናቱ ዝም በል፣ እየበላች ነው አለችው። ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ ብሎ ስትበላ አዳመጠ። ተመስገን። ተመስገን።

ሰኔ 18፣ ቅዳሜ

ዳይሬክተሩ ተቆጥቷል። ሰው የከፈለው ስቲናን ሊያይ እንጂ ጨርቅ ሊያይ አይደለም ይላል። ቴሌቪዥኑ ያሳየው የኔን ጀርባ ብቻ ነው። ከእንግዲህ ነጠላ ክልክል፣ ጋርዶ መቆምም ክልክል። ካልተስማማሽ ሌላ ሰው አለ። መለስኩለት፦ ሞታ ከምታያት ሳታያት ብትኖር አይሻልህም ወይ? እንዲህ ያለ ምላስ ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም። የአባቴ ነው። አላባረረኝም፤ ትእዛዙንም አላነሣም።

ምሳ ያለ ነጠላ ቀረበ። አልበላችም።

ምሽቱን ጌታቸው መጣ፤ ምሕንድስና የሚማረው የፋርስታ ጎረቤቴ። ሲስቅ ሊሞት። ስንት ቆንጆ ፊት ካለበት አገር ለቴሌቪዥን የተላከው ጀርባ ነው ወይ አለ። ሂድ ወዲያ አልኩት። ሲወጣ ግን ነጠላውን ዳሰስ አድርጎ የእኔም እናት ትጋርድ ነበር አለ፤ ሳቁን ተወ።

ሰኔ 20፣ ሰኞ

ትናንትም አልበላችም። ዛሬ በምሳ ሰዓት ባዶ እጄን ቆምኩ። ገንፎው ይቀዘቅዛል፣ እሷ ጥግ ይዛለች፣ የጎን አጥንቷን በጠጉሯ ውስጥ አየሁት መሰለኝ። ከአጥሩ በኩል አንዲት ወይዘሮ ጨርቁ የት ሄደ ብላ ጠየቀች። ሌላዋም ጠየቀች። የጋዜጣውን ፎቶ አይተው ነው የመጡት፣ ነጠላዬንና ጀርባዬን። ክልክል ነው አልኩ።

ተያዩ። ስዊድኖች ሲናደዱ አይጮኹም፤ ይተያያሉ። ከዚያ ያቺው ወይዘሮ ከቅርጫቷ የሽርሽር ምንጣፍ አወጣች፣ ባሏ ሌላውን ጫፍ ያዘ። ልጆች ካፖርታቸውን ዘረጉ። አንዱ የጠረጴዛ ልብስ ይዞ መጥቷል፣ ከቤቱ አስቦበት! አጥሩ ከዳር እስከ ዳር ተጋረደ። ሁሉም ፊታቸውን አዞሩ። ዳይሬክተሩ ደርሶ ይህን ሲያይ አንገቱ ድረስ ቀላ። ይጮሃል ስል የጠረጴዛውን ልብስ የተንጠለጠለ ጫፍ ያዘ። ይቅር ብዬዋለሁ።

እሜቴም ወጡ። አዎ፣ አንቱታው ተመልሷል። ገንፎውን ጨርሰው ሳህኑን ገለበጡት።

ሰኔ 24፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

በደስታ እየበረርኩ ሆስፒታል። እሜቴ በየቀኑ እየበሉ ነው፣ ክልከላው ተነሥቶ ነጠላዬ ሥራ ላይ ነው፤ ለሄር ሉ. ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ውሸቴንም ጭምር። ሳቁ። በርጩማዬ ስንት ሥራ ይሠራ ኖሯል አሉ።

ነርሷ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። አይበሉም አለች። ሐኪሞቹ ልባቸው እየዳነ ነው ይላሉ፣ እሳቸው ግን እየከሱ ነው። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ምሳ መጣ። ማንኪያውን አነሡ፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ሾርባው አንሶላው ላይ ፈሰሰ። በቀጣዩ አልጋ ጠያቂዎች ሞልተዋል። አንዱ ዞር ብሎ ሲያይ ማንኪያውን አስቀመጡት። አልራበኝም።

እኔ ደግሞ የነርስ ተማሪ ነኝ እላለሁ! ለድብ የገባኝ ለሰው ሳይገባኝ።

ነጠላው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቀርከሃ ቀርከሃ ይሸታል። ተነሣሁ፣ ዘረጋሁት፣ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ከዚያ ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ሰማሁ። ኳ ኳ ኳ ይላል፣ እየተንቀጠቀጠ። ፈሰሰም አልፈሰሰም ማን አየ። እስከ መጨረሻው ቆምኩ። ሲጨርሱ አንዲት ቃል፦ ታክ። አመሰግናለሁ ማለት ነው። እኔን? ካሮትና ቢላዋ ያሳዩኝ እሳቸው አይደሉም እንዴ?

ነርሷ ነገ ስንት ሰዓት ትመጫለሽ አለችኝ።

ነሐሴ 14፣ ቅዳሜ

ሄር ሉ. ወደ ሥራ ተመለሱ፣ ለግማሽ ቀን። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ባርኔጣቸውን ከሰቀልኩበት አወረድኩላቸው። እሜቴ ሲያዩዋቸው ከገንዳቸው ተነሥተው ሄዱና ጫማቸው ላይ ተቀመጡ። ፎቶ አንሺ አልነበረም፣ ደግነቱ።

ሰኞ ት/ቤት ይከፈታል። የግቢው አናጺ የሸራ መጋረጃ ሠርቶ ነበር፤ እሜቴ በአንድ ቀን ቦጨቁት። ነጠላውን ግን ምግባቸውን ሲጨርሱ ጎትተው ወደ ገንዳቸው ይወስዱታል። ተኝተውበት አገኘኋቸው። ሄር ሉ. አጥበው፣ አጣጥፈው መለሱልኝ። ይቅር በይን፣ የእናትሽ ነው አሉ። ተዪልን አላሉኝም። ሞተውም አይሉም። ጀርባቸው ግን እንደ ድሮው አይጋርድም፤ ግማሽ ሆኗል።

ወሰንኩ። ይቀራል። ሰኞ ጠዋት ወደ ት/ቤት ስሄድ በርጩማው ላይ አኖረዋለሁ። የበረዶው ወራት ሲገባ ብርድ ይመታኛል፣ ይምታኝ። ለእማዬ ደብዳቤ መጻፍ አለብኝ። መጀመሪያ አንተ ላይ ልሞክረው፦

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ሌላ ነጠላ ፈትለሽ ላኪልኝ። የሰጠሽኝ አልጠፋም፣ አልተቀደደም። እዚህ አገር ሁለት ትልልቅ ሰዎች እየበሉበት ነው። አንደኛው አሠሪዬ ናቸው። ሁለተኛዋ ማን ናቸው ያልሽኝ እንደሆነ፣ እማዬ፣ እንዳትስቂ…