እሴይ እጁን ከመሪው ያነሳበት ቀን

ለልጄ ለጸጋ፣

በሄድሽበት በጀርመን አገር እግዚአብሔር በፊትሽም በኋላሽም ይሁን። ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኛ እዚህ አሜሪካ፣ ሬኒየር ቢች ሰፈራችን ደህና ነን። ጣሪያው ተጠግኗል፤ ጉልበቴም ተሽሎታል።

ወንድምሽን እሴይን ግን ባለፈው ሳምንት ከሥራ ሲመለስ ፖሊስ አስቆመው። የመኪናው መስታወት ላይ ትንሽ የአገራችንን ባንዲራ ያንጠለጠልኩለት፣ "ፖሊስ ሲያስቆምህ ሐበሻ መሆንህን አሳያቸው" እያልኩ ያስለመድኩት እኔ ነኝ። ሊያሳይ እጁን ወደ ባንዲራው ሲዘረጋ ፖሊሱ መሣሪያ ሊያወጣ መስሎት ሽጉጥ መዘዘበት። ጌታ አተረፈው፤ በሰላም ገባ። እኔ ግን አባታችሁ ካረፈ ወዲህ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። መኪና ደጃችን በቆመ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ለጎረቤታችን ለሚስ ሉሲል ነገርኳት። እሷ ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ልጅ ሳለች ሰፈሯ ውስጥ ረብሻ ተነስቶ እሳት ሲነድ አይታለች። "ለእኛ ለጥቁሮች ከዚያ ሰፈር ውጭ ቤት አይሸጥልንም ነበር፤ ፖሊስ ግን በየቀኑ ይፈትሸን ነበር። ቁጣው ከዚያ ነው የመጣው" አለችኝ። ቀጥላም ፈገግ ብላ፣ "ባንዲራሽ ያምራል እጅጋየሁ፣ ጥይት ግን አይመልስም" አለች። ከልጆቿ ጋር እንዳትጫወቱ እከለክላችሁ እንደነበር ታውቃለች፤ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ይህን የጥቁሮች ታሪክ ከላይብረሪ በተዋስኩት መጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ የእኛም መሆኑ ግን አልገባኝም ነበር።

እሴይ እኔ ስመክረው "ኦኬ ማሚ" ብሎ ይወጣል። እባክሽ አንቺ ደውዪለት። ሲያስቆሙት ሁለት እጁን መሪው ላይ ያድርግ፤ ከማን ወገን እንደሆነ ለማስረዳት አይሞክር። እናታችን ተሳስታ ነበር በዪው፤ ከአንቺ ይቀበላል።

ጌታ ሁለታችሁንም ያቆይልኝ።

እናትሽ እጅጋየሁ