አባ የተሳለሙት ቤተ መጻሕፍት

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

እታለም ያምሮት፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወባው ለቀቀሽ? ግንባርሽ መቃጠሉን ተወ? እኛ ደህና ነን። እምዬም እህል መቅመስ ጀምራለች።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትቆጪኝ። ፖስትካርዱን አላመጣሁትም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀንሽ እምዬ ነጠላሽንና ዳዊትሽን ለነፍስ አባታችን ለአባ ገብረ ኢየሱስ ሰጠቻቸው። ፖስትካርዱ ዳዊቱ ውስጥ መሆኑን አላወቀችም። ስነግራት «ለነፍስ የተሰጠ ተመልሶ አይጠየቅም» አለችኝ። እኔ ግን እሱን ሳልይዝ ወደ ኪራይ ቤታችን መመለስ ፈራሁ። ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ከተዋስሽው አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ወድቆ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወይዘሮ ማሚቱ «ውሰጂው» ካሉሽ ቀን ጀምሮ እዚያ ሥዕል ውስጥ አይደል የኖርነው? ስሟን የማናውቃት የአንዲት ትንሽ ከተማ ቤተ መጻሕፍት፣ ያ ትልቅ ጉልላት፣ ያ ሮዝ ሰማይ። አንቺ ሦስተኛው መስኮት ሥር ታነቢያለሽ፤ እኔ ደረጃው ላይ ከባለ ባርኔጣው ሽማግሌ ጋር እጠብቅሻለሁ። ዓይኔን ስጨፍን አሁንም እዚያ ነኝ። ሽማግሌው አይናገርም። ገጽ ስትገልጪ ግን ይሰማኛል።

ትናንት ወደዚህ የሚመጣውን መኪና ለመያዝ ከእምዬ ቤት ወደ ቡሬ ልወርድ ስል አባ ቤት ጎራ አልኩ። ፖስትካርዱን ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ግድግዳው ላይ ሰክተውታል።

«ይኸ የየት አገር ደብር ነው፣ ልጄ?»

«ቤተ መጻሕፍት ነው፣ አባ።»

ጠጋ ብለው አዩት። «እኔ እኮ መስቀሉን ንፋስ ጥሎት ነው ብዬ በየማለዳው ስሳለመው ሰነበትኩ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ካንቺ ወዲህ ገና መሳቄ ነው። ከዚያ ነቅለው ሰጡኝ።

«ውሰደው። ስሳለመው በክርስትና ስሟ ‹ወለተ ሥላሴን አስባት› እል ነበር። ከእንግዲህ ያው ባዶ ግድግዳውን አይቼ እላለሁ።»

መልሼ ሰካሁት።

ባዶ እጄን ኪራይ ቤታችን ገባሁ። ያለሽበት ሁሉ ብሩህ ይሁንልሽ፣ እታለም፤ የምታነቢውም አይለቅብሽ።

ዛሬ ማለዳ ብቻዬን ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩና ወይዘሮ ማሚቱ ዘንድ ሄድኩ። መጽሐፍ የምዋስበት መታወቂያ እንዲያወጡልኝ ጠየቅኋቸው።

«በእህትህ አልነበር የምትዋሰው? ምነው፣ ተጣላችሁ?» አሉኝ።

እንዳልሰሙ ገባኝ።

«አልተጣላንም» አልኳቸው። «ከእንግዲህ የየራሳችን ይኑረን ብለን ነው።»

ወንድምሽ እንዳለው