ቁራዋ ፈለፈለች፤ የእኔ ማሽን በረደ

ለተከበሩ የኮሶ አምባ መስመር ጥገና ጣቢያ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎና ባልደረቦችዎ፣ እንዲሁም በመንደራችን ትራንስፎርመር ላይ የሰፈረችው ቁራ ከነቤተሰቧ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የእርስዎን ጤና በእርግጠኝነት አላውቅም፤ የቁራዋን ግን ከደጄ ሆኜ በየቀኑ ስለማያት እመሰክራለሁ።

እኔ ባንቻየሁ ልደቱ እባላለሁ፤ ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር በኤሌክትሪክ ማሽን ጫጩት የማስፈለፍል ሴት ነኝ። እንቁላል በማሽኔ ውስጥ ሃያ አንድ ቀን ይቆያል፤ በእነዚያ ቀናት ከእርስዎ የምፈልገው መብራት እንዳይጠፋ ብቻ ነው።

አንደኛ፤ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ቁራዋ ከጭራሮ ጋር የሽቦ ቁርጥራጭ እየለቀመች በትራንስፎርመሩ ራስ ላይ ጎጆ መቀለስ ስትጀምር፣ ሽቦው ከመስመሩ ጋር ሳይነካካ፣ እሷም እንቁላል ሳትጥል እንዲነሣልን በማመልከቻ ጠይቄ ነበር። "ይታያል" የሚል መልስ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ቃልዎንም ጠብቀዋል፤ ጎጆው እስከ ዛሬ ከሩቅ ይታያል።

ሁለተኛ፤ በዚያው ሳምንት ባልደረቦችዎ መንደራችንን አልፈው ሽቅብ ወጡና በቱሪስቶቹ ሎጅ ፊት ያለውን ትራንስፎርመር ራቁት ሽቦዎች በፕላስቲክ ሸፈኑ፤ እዚያ የሰፈረው ሌላ ቁራም እንዳይከፋው አጠገቡ ለብቻው ምሰሶ ተክለው የእንጨት ሰገነት ሠሩለት። በእግሬ ሄጄ አየሁት። ያማረ ሥራ ነው፤ መብራትም አይጠፋበት፣ ወፍም አይሞትበት። በባለሎጁ ቀናሁ። በቁራውም ቀናሁ። በምሰሶው ሳይቀር ቀናሁ።

ጥር ስድስት ቀን ረፋድ ላይ፣ ነፋስ ከእኛ ቁራ ጎጆ የተንጠለጠለውን ሽቦ ከመስመሩ ጋር አገናኘውና መብራት ጠፋ። በማሽኑ ውስጥ መቶ ሃያ እንቁላል ነበር፤ አሥራ ሰባተኛ ቀኑ ነው። ወዲያው ጎረቤቴ የትናየት መጥታ "ማሽንሽስ ጥሩ ነበር፤ ክንፍ የለውም እንጂ" አለችና ሃያ አራቱን በቅርጫት ወስዳ ለታቀፉ ሁለት ዶሮዎቿ አካፈለቻቸው። በቀሩት ላይ ጋቢ ደረብኩ፤ ሙቅ ውሃ በጄሪካን እየሞላሁ በማሽኑ ዙሪያ ደረደርኩ።

በሦስተኛው ቀን ሠራተኛዎ አቶ እንግዳው መጡ፤ ቀና ብለው አዩና "ታቅፋለች እኮ። እናት አይደለችም እንዴ? አሳዘነችኝ" ብለው ተመለሱ። ደግ ሰው ናቸው። ያን ቃል ለእኔ ግን ማንም አላለኝም። እሳቸው ከሄዱ በኋላ አንዱን እንቁላል ሰብሬ አየሁት፤ ላባ አውጥቶ፣ ምንቃሩን ከክንፉ ሥር አድርጎ በርዶ ነበር። ማሽኑን ዘግቼ ደጅ ተቀመጥኩ።

መብራት በዘጠነኛው ቀን መጣ፤ ጎጆውን ሳትነኩ የተንጠለጠለችውን ሽቦ ብቻ ቆርጣችሁ ስለሄዳችሁ አመሰግናለሁ። በዚያ ሰሞን ቁራዋ ሦስት ልጆች ፈለፈለች።

ሦስተኛው በእርስዎ ላይ የሚቀርብ ቅሬታ አይደለም፤ ሌላ ሰሚ ስለሌለኝ ግን እዚሁ ልጻፈው። የትናየት ከወሰደቻቸው እንቁላሎች አሥራ ዘጠኙ ተፈለፈሉ። ዕድሜዬን ሁሉ በዶሮዎቿ ስስቅባት የኖርኩ ሴት ነኝ። "ያንቺ ናቸው፣ ውሰጃቸው" ትለኛለች፤ ጥሬ በትኜ ስጠራቸው ግን ጥሬዬን ለቅመው የእሷን ዶሮ ተከትለው ይሄዳሉ። ቅናት እንደዚህ እንደሚያቃጥል የዛሬ ዓመት ቢነግሩኝ አላምንም ነበር።

ልመናዬ አጭር ነው፤ በመጪው ጥቅምት፣ ወፎቹ ጎጆ ሳይጀምሩ፣ የእኛንም ሽቦ ሸፍኑልን፤ ለእኛም ቁራ ሰገነት ሥሩላት። እንደ ሎጁ እንግዶች ከሩቅ አገር አለመምጣታችንን እንደ ጥፋት እንደማይቆጥሩብን እተማመናለሁ።

ከጫጩት አስፈልፋይነት ወደ ቁራ ተመልካችነት ያሸጋገረኝን አመራርዎን ከልብ እያመሰገንኩ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ የምነሣዎ፣

ባንቻየሁ ልደቱ
የካቲት 28 ቀን

ተጨማሪ፦ የቁራዋ ልጆች በርረው ወጥተዋል፤ ጎጆው ባዶ ነው። አቶ እንግዳው ትናንት ሊያነሡት መጥተው ነበር፤ ግን መሰላል አልያዙም። የጣቢያው መሰላል ሎጁ ዘንድ ነው አሉኝ፤ የቁራውን ሰገነት ቀለም እየቀቡበት ነው።