ጥቅምት 12 በዪው

ጥቅምት 6

አውቶቡሱ ዘግይቶ መጣ። አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ እየሠሩ አውቶቡስ ማጣት... ለማን ይነገራል?

ሥራ አስኪያጁ የእድገት ማስታወቂያ እንድጽፍ ሰጠኝ። ዋናው መካኒክ ጡረታ ወጥቷል፣ ቦታው ክፍት ነው። እንደ ልማዴ «የሠራ/ች»፣ «የተመረቀ/ች» እያልኩ ጻፍኩ። አየውና ፈገግ አለ።

«ይቺን ጭረት ከነጅራቷ አውጪልኝ እስቲ። ዓይን ትወጋለች።»

አወጣሁ። ሰባት ቦታ ነበረች። ወረቀቱም እውነት ጸዳ አለ።

ጫማዬ ውሃ እያስገባ ነው። ቅዳሜ ማሰፋት።

ጥቅምት 9

ፍሬን መጣች። ከመዝገብ ውጭ እውነተኛ ስሟን የሚያነሳው የለም። አሥራ አራት ዓመት የግቢውን ፍሬን ሁሉ የጠገነች እሷ ስለሆነች፣ በቃ፣ ፍሬን ናት። እጇ እስከ ክርኗ ግራሶ። ወለሌን እንዳታቆሽሽ በሩ ላይ ቆመች።

«እታለም፣ ‹ች›ዬን የት አደረስሻት?»

«ምንሽን?»

«ማስታወቂያው ላይ ነዋ። የሠራ፣ የተመረቀ፣ የሚችል... ሁሉም ሱሪ ታጥቋል።»

«አንቺስ ታጥቀሽ የለ?»

እስክታለቅስ ሳቀች። ማመልከቻዋን ተቀበልኳት፤ የጣቷ አሻራ ጥግ ላይ ጠቁሮ ቀርቷል። በዚህ ግቢ ውስጥ አንጀቴ የሚርሰው ከእሷ ጋር ስስቅ ብቻ ነው።

ጥቅምት 21

ውጤት ወጣ። ሌላ ሰው ተሾመ። ስድስት ዓመት የሠራው... መፍቻ አያያዝ ያስተማረችው ራሷ ፍሬን ናት። ሰውዬው ራሱ አፍሯል፤ ምሳውን ብቻውን በላ።

እኔው ፊት ሥራ አስኪያጁን ጠየቀችው።

«ማስታወቂያው ምን ይላል? ‹የሠራ› ነው የሚለው። ሰዋስዉን እኔ አላወጣሁት» አላት። ቀጠለና፣ «ደግሞስ ሃያ ወንድ ለአንዲት ሴት የሚታዘዝ መስሎሽ ነው?»

ሳቁን ስሰማ ነው የገባኝ። ዓይን ትወጋለች ያለው ለካ...

አላወቅኩም ነበር ልበል? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደብዳቤ የጻፍኩ ሰው?

ጥቅምት 24

ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው አቤቱታ አስገባች። በሴትነቴ ተከለከልኩ ትላለች፤ ሁለት ገጽ፣ ጥርት ያለ። ገቢ አድርጌ ማኅተም መታሁላት።

«ደህና አድርገሽ ምቺው፣ እንዳይደበዝዝ።»

ደህና አድርጌ መታሁት። እሱን እንኳ አድርጌያለሁ።

ኅዳር 2

ከጉድጓዱ አነሷት። አውቶቡሱ ከላይ ቆሞ መካኒኩ ከሥር የሚሠራበት ጉድጓድ ቤቷ ነበር። አሁን ወደ አውቶቡስ እጥበት። «ለሥራው መቃናት ሲባል» ይላል ደብዳቤው። እኔው ነኝ የጻፍኩት።

በመስኮት አየኋት። ቦት ጫማ አድርጋ፣ ቱቦ ይዛ። አንዱ ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ጮኸ።

«ፍሬን ውሃ ከነካው አይዝም አሉ!»

«ቁልቁለቱ ሲመጣ ትፈልገኛለህ!» አለችና ቱቦውን አዞረችበት። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ፊቷን ወደ ግድግዳው ስታዞር ግን አየሁ... አልሳቀችም።

ኅዳር 5

ሥራ አስኪያጁ ለፍሬን ማስጠንቀቂያ አጻፈኝ። «ያለፈቃድ ከሥራ ገበታ በመለየት፣ የቅርብ አለቃን በመዝለፍ...»

«ቀኑን የዛሬን ላድርግ?» አልኩት።

«ጥቅምት 12 በዪው።»

«ዛሬ እኮ ኅዳር...»

«ጥቅምት 12። ከአቤቱታዋ በፊት ይሁን። አለዚያ ቂም ይመስላል።»

ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ጨዋ ሰው ነው፤ ተቆጥቶኝ አያውቅም። ሊወጣ ሲል የበሩን እጀታ እንደያዘ ዞር አለ።

«ልጅሽ እንዴት ናት? ኮንትራቷ በዚህ ወር መጨረሻ አይደል የሚያልቀው?»

ልጄ እዚሁ ድርጅት ቲኬት ቆራጭ ናት። ጊዜያዊ።

«ደህና ናት» አልኩት። ጻፍኩት። ቁጥር ሰጥቼ ወጪ አደረግኩት።

ኅዳር 6

ጥቅምት 12 ፍሬን የት ነበረች? ጉድጓዱ ውስጥ። ሻይ ወስጄላት አፋፉ ላይ ብቆም፣ ከሥር እጇን ዘርግታ በእግሮቼ መሃል ብርጭቆውን ተቀብላኛለች።

ኅዳር 14

የኮሚቴው ስብሰባ። ሦስት ሰው። ሰብሳቢዋ ሴት ናት፤ ሳያት ደስ አለኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሥራ አስኪያጁ ማስጠንቀቂያውን አወጣ። ሴትየዋ ድሮም ችግር ነበረባት፣ አቤቱታውን ያስገባችው ጥፋቷን ለመሸፈን ነው አለ። ፍሬን ተረጋግታ ሰማችው።

«ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ከአቤቱታዬ በኋላ ነው። ጸሐፊዋ እዚህ አለች። እሷን ጠይቋት።»

እንዴት አድርጋ አምናኝ ነበር!

«መቼ ነው የጻፍሽው?» አለችኝ ሰብሳቢዋ።

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ያገላብጣል። ወደ እኔ እንኳ አላየም።

«ብዙ ደብዳቤ ስለምጽፍ... አላስታውስም።»

ውሸት አልተናገርኩም እኮ። ጥቅምት 12 ነው ብል ነበር ውሸት የሚሆነው... እንዲህ እያልኩ ቤቴ ደረስኩ። በሩን ስከፍት ያ ሁሉ ክርክር እንደ ጉም በነነ።

አላስታውስም ስል ፍሬን ሞተር ውስጥ የማታውቀው ድምፅ ስትሰማ እንደምታደርገው አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችኝ። ያን ያህል ብቻ።

ኅዳር 20

አቤቱታዋ ውድቅ። እሷም ተሰናበተች፤ «የኃላፊን ስም በማጥፋት»። የስንብቱን ደብዳቤ እኔው ጻፍኩት። ይሄኛው ላይ የዛሬውን ቀን አዘዘኝ።

ኅዳር 22

ራስ ምታት። አልሄድኩም።

ኅዳር 29

የልጄ ኮንትራት ለስድስት ወር ታደሰ። እራት ላይ ነገርኳት።

«ታዲያ ለምን ለቅሶ ቤት የደረስሽ ትመስያለሽ?»

ሁሉንም ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እኔን ምክንያት አታድርጊኝ፣ እማ። ጠይቀሽኛል?»

«ላንቺ ብዬ እኮ...»

«ለእኔ ብለሽ ካበላሸሽው ለእኔ ብለሽ አስተካክዪው።»

ገበታውን አነሳች። ሳህኖቹን ስታጥብ ስታንኳኳ ቆየች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ማን እንዲህ አድርጎ አሳደጋት? እኔ ነኝ? አይመስለኝም።

ታኅሣሥ 4

ፍሬን ፍርድ ቤት ከስሳለች አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ሲገባ የወጪ መዝገቡን ገለጥኩ። የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ ተራ ቁጥር አለው። ቀኑን ወደ ኋላ መልሼዋለሁ፤ ቁጥሩ ግን... ማን አስታወሰው? እጄ እንደለመደው ተከታዩን ሰጠው። 417 የኅዳር 4፣ 419 የኅዳር 6። በመካከላቸው 418፣ ጥቅምት 12 ብላ ቁጭ ብላለች። በእኔው እጅ ጽሑፍ።

ያን ሁሉ ቀን መደርደሪያው ላይ ነበረ። ኮሚቴው መዝገቡን አልጠየቀም። እኔን ነዋ የጠየቀው።

ታኅሣሥ 19

ችሎት። የፍሬን ጠበቃ ጠርቶኝ መሰከርኩ። ኅዳር 5 ነው የጻፍኩት አልኩ። ያዘዘኝንም አልኩ። መዝገቡ ቀረበ፤ ቁጥሩን በጣቴ አሳየሁ።

የድርጅቱ ጠበቃ ተነሳ።

«ኮሚቴው ፊት ግን አላስታውስም ብለዋል። ለምን?»

«ፈርቼ።»

ዳኛው ድምፅሽን ከፍ አድርጊ አሉኝ። ደገምኩት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት «እናሳውቃለን»፣ «እናሳስባለን» እያልኩ ስጽፍ ኖሬ... የራሴ ቃል ይቺን ታህል ናት ለካ። ለፍሬን ያን ቀን ይቺኑ ብላት ምን ነበረበት?

ጥር 11

ንብረት ክፍል ተዛውሬያለሁ። መስኮት የለውም። ብሎን በየመጠኑ እለያለሁ።

ልጄም ስድስት ወሩ ሳይሞላ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ ተብላለች። ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«በቃ፣ አብረን ሥራ እንፈልጋለና። አንቺ ግን ዕድሜሽን እንዳትናገሪ።»

ሳቅን። እሷ ተኝታ ሳለች ማልጄ ይህን ስጽፍ ግን... ፍሬንንም የልጄን ሥራም አጣሁ እንጂ የቱን አተረፍኩ? ያኔውኑ ተናግሬ ቢሆን ያው ይሄው ነበር የሚደርስብኝ። ፍሬን ግን አንድ ቀንም ከሥራ ውጭ አትውልም ነበር።

የካቲት 23

ተመለሰች። ፍርድ ቤቱ ማስጠንቀቂያውን ሰርዞ ወደ ሥራዋ ትመለስ አለ። ዋና መካኒክነቱን ግን አላገኘችም፤ እሱ አልቋል፣ ሰው ተሹሞበታል። ጠዋት ከጉድጓዱ ድምፅዋን ሰማሁ፤ ስትሳደብ። ደስ ብሎኝ ብሎኖቹን ቀላቀልኳቸው።

አራት ሰዓት ላይ መጠየቂያ ቅጽ ይዛ መጣች። ሁለት የፍሬን ሸራ ፈልጋ፤ የአውቶቡስ ጎማ የሚያስቆመውን። ተነሳሁ። ስንት ነገር ሳዘጋጅ ከርሜ «እንኳን ደህና መጣሽ» ብቻ ወጣኝ። ራሷን ነቀነቀች። ሸራውን አወጣሁላት፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነበረ። ፈረመች።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

ቆመች። ፊቷ ላይ ቂም የለም። ቂም ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«ምንም አይደል። መስክረውልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። በእኔ ምክንያትም ተጎድተዋል።» ቅጹን አጠፈች። «ለቀሪው መቼ ልምጣ ይሉኛል?»

እርስዎ።

ምን ብዬ ልመልስላት? አንቺ ልበላት? በምን አፌ?

«ነገ ይምጡ» አልኳት።